አባቴ ይቅር ያለው ሰው

ባለፈው ሳምንት የመስጊዳችን ማዕድ ቤት የጭስ መውጫ ቧንቧ ወለቀ። የምኖረው በሰሜን ስዊድን፣ በረዶው ስድስት ወር ሙሉ መሬቱን በማይለቅባት ትንሽ ከተማ ውስጥ ከልጄ ጋር ነው፤ መስጊዳችን ደግሞ የአንድ አሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት ነው። ሊጠግን የመጣው ሰውዬ አሮጌውን ክርን አውርዶ መሬት ላይ ሲያስቀምጠው ጎንበስ አልኩና ጠርዙን በጣቴ ዳሰስኩት። ክርን የምለው ቧንቧው ከግድግዳው ወደ ላይ የሚታጠፍበትን ቦታ ነው፤ ላሜራው በአምስት ቁራጭ ተቀጣጥሎ ቀስ እያለ የሚዞርበትን። የቆየ፣ በእጅ የተሠራ ነበር። ሰውዬው «ተጠንቀቂ» ሲለኝ ጣቴ ተከፍቶ ነበር። ላሜራ ሲቆርጥ ወዲያው አያምም። መጀመሪያ ነጭ መስመር ይታያል፣ ቀጥሎ ደሙ ይመጣል፣ ሕመሙ ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ይደርሳል። ደሜን በመሐረቤ ይዤ ቆምኩና ያንን የዚንጎ ሽታ ሳብኩት፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ሳንቲም የጎረሱ ያህል ምላስ ላይ ይቀራል። ለስንት ዓመት ሸሽቼው የኖርኩት ሽታ ነው።

የአባቴ የይመር ሱቅ ከበርበሬ በረንዳ ጀርባ፣ ከተክለ ሃይማኖት በኩል የመጣ ሰው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ በሚያገኘው የላሜራ ሠራተኞች ተራ ውስጥ ነበር። ነፋሱ ከበርበሬው ወፍጮ በኩል ሲመጣ ተራው ሁሉ እያነጠሰ ይቀጠቅጣል። ሻይ አሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ አምስት ሳንቲም ነበር፤ ፓስቲውን የምትጠብሰው ሴትዮ በጋዜጣ ጠቅልላ ትሰጥ ስለነበር ዘይቱ የፊደሉን ቀለም ፓስቲው ላይ ያትመዋል፣ እኛም «ዛሬ ዜና በላን» እንባባል ነበር። ወንዶቹ እግሩ የሰፋ ቴትሮን ሱሪ ይለብሳሉ፤ መዶሻ ሲይዙ ግርጌውን በጎማ ያስሩታል። ጥጉ ላይ የካሴት ቤት ነበረ፣ ግን የሚያጫውተውን ዘፈን እስከ መጨረሻው ሰምቼው አላውቅም፤ መዶሻ ሁሉ በአንድ ላይ ዝም የሚልበት ቅጽበት ሲገኝ አንዲት መስመር ትሾልክና ተመልሳ ትዋጣለች። የወሎ ሰዎች ደግሞ መንዙማ እያንጎራጎሩ በዚያው ምት ይቀጠቅጣሉ። የተራው ሰው ግማሽ ጆሮው የተዘጋ ስለነበር ሰላምታውም ጠብ ይመስላል። እኔ ዛሬም ስልክ ሳወራ እጮኻለሁ፤ ልጄ «እማ፣ ስዊድን ድረስ ይሰማል» ትለኛለች፣ ስዊድን ውስጥ ሆነን።

አባቴ የሚታወቀው በሆቴልና በዳቦ ቤት የጭስ መውጫ ነበር። ሌላው ሠራተኛ ቀጥ ያለ ቧንቧ ይሠራል፤ መታጠፊያውን፣ ከአራት ማዕዘን ወደ ክብ የሚሸጋገረውን፣ አንዱ ቧንቧ ሁለት የሚሆንበትን ግን ወደ ጋሽ ይመር ይዞ ይመጣል። ሁለት የሚሆነውን እኛ ሱሪ እንለዋለን፣ ሁለት እግር ስላለው። ይህ ሁሉ የሚጀምረው ከካርቶን ነው። ክቡ ነገር ሲዘረጋ ምን ዓይነት ቅርጽ እንደሚኖረው ካርቶን ላይ ይሳላል፣ ካርቶኑ ላሜራው ላይ ይነጠፋል፣ በሹል ምስማር ዙሪያው ይጫራል፣ ይቆረጣል፣ ይታጠፋል። ስዕሉ ከተሳሳተ መዶሻ አያቃናውም። የአባቴ ዓይን ደግሞ እየፈዘዘ ሄዶ፣ እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ላይ፣ ምስማሩንና መስመሩን መለየት አቅቶት ነበር። ስለዚህ የምስለው እኔ ነበርኩ። ሱቁን ለሁለት በከፈለው የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ጀርባ ቁጭ ብዬ፣ ሻሼን አጥብቄ፣ ሦስት ጊዜ ሳልለካ መቀስ አላነሳም። ደንበኛ ሲመጣ አባቴ ፊት ለፊት ተቀምጦ ላሜራውን እየዳሰሰ ያወራዋል፤ ሰውየውም ባለሙያው እሱ እንደሆነ ይዞ ይሄዳል። ይህን የሚያውቁት አባቴ፣ ታላቅ ወንድሜ ጀማል፣ እኔና ሠራተኛችን ናስር ብቻ ነበርን። ቢታወቅ የሆቴሎቹ ሥራ በማግስቱ ይቀራል፤ ዓይኑ የጠፋ ሽማግሌና ከመጋረጃ ጀርባ ያለች ልጅ ለሠሩት ነገር ማን አደራ ይሰጣል?

ሱቁን የሚያንቀሳቅሰው ጀማል ነበር። ቁመቱ የበር መቃን ያክላል፣ ኮሌታው ትከሻው ድረስ የሚደርስ ቢጫ ሸሚዝ ነበረው፣ ዓርብ ዓርብ ይለብሰዋል። እጁ ፈጣን ነበር፤ ለሥራም ለዱላም። አንድ ጊዜ ክርን ስስል ለእጥፋት የሚተወውን ጣት ያህል ረሳሁና ሁለቱ ቁራጮች ሳይገናኙ ቀሩ። የግራ እጄን ጠረጴዛ ላይ አስዘርግቶ አንጓዎቼን በእንጨት መዶሻ መታኝ። ከዚያ ራሱ ቅቤ ቀብቶ፣ ራሱ በጨርቅ አስሮልኝ፣ «አሁን አትረሺውም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ረስቼው አላውቅም። አባቴ ድምፁን ሰምቷል፤ «ምንድነው እሱ?» ብሎ ጠየቀ። ጀማል «እንጨት ነው» አለው።

ናስር እኛ ዘንድ በቀን ሒሳብ የሚሠራ መዶሻ መቺ ነበር። ከስልጤ አገር የመጣ፣ ሃያ ሦስት ወይም ሃያ አራት ዓመት የሚሆነው፣ ፀጉሩን በውኃ የሚያስተኛ፣ አፉ የማያርፍ ልጅ። ኮምፔንሳቶው ላይ ጉጠት የምታስገባ ስንጥቅ ነበረች፤ እሱ የምቆርጠውን ላሜራ ሊቀበለኝ ሲመጣ በዚያች በኩል ያወራኛል።

«ሐሊማ፣ ይህ ክርን እኮ ከአንቺ ይሻላል፤ ሲመቱት ይጮኻል።»

«ሥራህን ሥራ።»

«እየሠራሁ ነው። አፌ ነው ሥራ የፈታው።»

አልስቅም ነበር። ሳቄ እንዳይሰማ ሻሼን እነክሳለሁ እንጂ። ከዚያ ያለፈ ነገር በመካከላችን አልነበረም፤ ጌታዬ ምስክሬ ነው። ግን ልቤ ወደዚያች ስንጥቅ ይሄድ ነበር። ይህን ዛሬ የምጽፈው ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ሳልናገር ቀሪውን መናገር ስለማይገባኝ ነው።

አንድ ትልቅ ሆቴል አዲስ ማዕድ ቤት ሠርቶ የጭስ መውጫውን ሁሉ አዘዘን። ሱሪው አንድ እግሩ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ሌላኛው ወደ ቀኝ ይታጠፋል። መስመሩን የምንጭረው በላሜራው ውስጥ ፊት ላይ ነው፤ ዚንጎው ውጭ ከተጫረ ይዝጋልና። ስለዚህ ካርቶኑ ተገልብጦ ይነጠፋል። ይህን በየቀኑ የማደርገው ነገር ነው። ያን ረቡዕ ናስር ስለ አጎቱ በቅሎ አንድ ነገር እያወራኝ፣ እኔ ሻሼን እየነከስኩ፣ ካርቶኑን ሳልገለብጥ አነጠፍኩት። መጠኑን ሦስት ጊዜ ለክቻለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ልክ ነበር። ፊቱን ግን አላየሁም። ሐሙስ ጠዋት ናስር ቀጥቅጦ ጨርሶ ሲያቆመው እግሩ ወደ ግራ ወጣ። ሱሪ ተገልብጦ አይለበስም፤ ያ ሁሉ ላሜራ ከንቱ ሆነ።

ናስር በስንጥቋ አየኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደም። «አይዞሽ» አለኝ። «ሌላ ቁረጪ። ይህን እኔ አጠፋልሻለሁ።»

«ወዴት ታደርገዋለህ?»

«ቆራርጬ የከሰል ምድጃ አወጣበታለሁ። ውሰድ በይኝ።»

«ውሰድ» አልኩት።

ያቺ አንዲት ቃል ናት። በዚያው ቀን አዲሱን ቆረጥኩ፤ ዓርብ ወንዶቹ ሁሉ ጁምዓ ሲወጡ፣ ክርስቲያኖቹም የእነሱን መውጣት ተከትለው ምሳ ሲሄዱ፣ ተራው ጸጥ አለና ሱቁ ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። ላሜራ ለመቀጥቀጥ እንደ መስፍ የምንጠቀምበትን የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ከሥሩ ጆንያ አንጥፌለት፣ ድምፁ እንዳይወጣ በአጭሩ እየመታሁ፣ ሰግደው ሳይመለሱ ጨረስኩት። የሚታጠፈው እግሩ ወደ ቀኝ ወጣ። አልሐምዱሊላህ አልኩ። የጀማል ዱላ ያለፈልኝ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ጀማል ሆቴሉ ከመሄዱ በፊት ላሜራዎቹን ቆጠረ። አንድ ጎደለው። ይቆጥራል ብዬ እንዴት እንዳላሰብኩ እስከ ዛሬ አይገባኝም፤ ልኬት እንጂ ቁጥር የእኔ ሥራ አልነበረም። ሁለተኛ ጊዜ እየቆጠረ ሳለ ናስር ከሐሙስ ጀምሮ ደብቆት የነበረውን ግራ የወጣ ሱሪ በጆንያ ጠቅልሎ፣ በትከሻው ተሸክሞ በጎን በር ሲወጣ አየው።

«ቁም! ምንድነው የያዝከው?»

ናስር ቆመ። ጀማል ጆንያውን ነጥቆ ሱሪውን አወጣ፣ ከፍ አድርጎ አየው፣ አንድ ጊዜ ዞር አደረገው። ከዚያ ጮኸ። «ሌባ!»

መርካቶ ውስጥ ይህ ቃል ሲጠራ ማን ነው፣ ምን ወሰደ የሚል የለም። መጀመሪያ ይመታል፣ ጥያቄው ሰውየው ከወደቀ በኋላ ነው። ተራው የያዘውን እንደያዘ ወጣ፤ መዶሻ የያዘ በመዶሻ፣ መቀስ የያዘ በመቀስ። አንዱ ከላሜራ የተቆረጠ ረጅም ቅዳጅ ይዞ መጣና እንደ አለንጋ ፊቱ ላይ አሳረፈበት፤ ከቅንድቡ እስከ ጆሮው ተተረተረ። እኔ በስንጥቋ ነበርኩ። መጀመሪያ ነጭ መስመር አየሁ፣ ከዚያ ደሙ ነጭ ሸሚዙን ሞላው። ወደቀ። በጫማ ረገጡት። በካሴት ቤቱ በር ላይ የቆሙ ሴቶች «ኧረ ሰውየውን ገደላችሁት!» እያሉ ይጮኻሉ፣ ግን ገብቶ የሚይዝ የለም። ጥርሱ ሲሰበር ተሰማኝ ብል ማጋነን ይሆናል፤ ግን ከአፉ አውጥቶ መዳፉ ላይ ሲያየው አይቻለሁ።

«ተሰጥቶኝ ነው» አለ።

«ማን ሰጠህ?» አለ ጀማል።

ደሙን በእጅጌው ጠረገ።

«ማን ሰጠህ አልኩህ! ስም የለውም?»

ጀማል በኮሌታው ጎትቶ ወደ ሱቃችን በር አመጣው፤ ከእኔ ሁለት ክንድ አይርቅም። የናስርን ቀኝ እጅ ሐዲዱ ላይ አስቀመጠና በጉልበቱ ክንዱን ተጫነው። ሁለት ሰዎች ከኋላ ያዙለት። ጀማል ጎንበስ ብሎ ጆሮው ላይ አንድ ነገር ተናገረ፤ ምን እንዳለው አልሰማሁም። ናስር ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። የብረቱ መዶሻ ወረደ።

ያ ድምፅ ላሜራ ላይ ከሚያርፈው ይለያል። አስተጋቢ የለውም። እኔ ከኮምፔንሳቶው ጀርባ ቆሜ ቃል እየመረጥኩ ነበር። «እኔ ነኝ» ልበል? ማን ነች ብለው ሲጠይቁ የአባቴ ዓይን ይታወቃል። «አባባ ነው የሰጠው» ልበል? ውሸት ነው፣ የጌታዬን ፊት ፈራሁ። ጀማልን «ጋሼ፣ ተው» ብቻ ልበለውና ልመለስ? ለባዕድ ወንድ ዕቃ የምትሰጥ ልጅ ምን ትባላለች? ጀማል እንደገና ወደ ጆሮው ጎንበስ አለ፣ ናስር እንደገና ራሱን ነቀነቀ፣ መዶሻው እንደገና ወረደ። ከንፈሬ ላይ ያዘጋጀሁትን ዓረፍተ ነገር መልሼ አየሁት፣ አንዱን ቃል በሌላ ቀየርኩ። ሦስተኛው ወረደ። ያኔ ናስር ጮኸ። እስከዚያች ሰዓት አልጮኸም ነበር።

ሮጬ የሄድኩት ወደ ውጭ አይደለም። በርጩማው ላይ ተቀምጦ «ምንድነው? ምን ሆነ?» ወደሚለው ወደ አባቴ ነው። ጉልበቱን ይዤ «አባባ፣ እኔ ነኝ የሰጠሁት። ግራ ወጥቶብኝ ነው። ውሰድ ያልኩት እኔ ነኝ» አልኩት። ፊቱ ደም አጣ። ጥቂት አሰበ፤ ያ ጥቂት ግን መዶሻ አልወረደበትምና አልወቅሰውም። ትከሻዬን ተደግፎ ተነሣ፣ እስከ በሩ መራሁት፣ እኔን ወደ ኋላ ገፍቶ ብቻውን ወጣ፤ ነጭ ጥምጣሙን እንዳጠለቀ፣ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ።

«ተዉት! ይቅር ብዬዋለሁ! ለአላህ ብዬ ይቅር ብዬዋለሁ፤ ማንም እንዳይነካው!»

ጀማል መዶሻውን ጣለ። ሰዉ ፈዘዘ። ከዚያ አንዱ «አይ ጋሽ ይመር!» አለ፣ ሌላው «እንዲህ ያለ ሰው አንድ እንኳ ቢተርፈን!» አለ፣ ዕንባው የመጣም ነበረ። ናስርን ለቀቁት። ከሐዲዱ ላይ እጁን በሌላ እጁ አንስቶ ደረቱ ላይ አቀፈው። አባቴን አላየውም። የተሰነጠቀውን ኮምፔንሳቶ አየ፤ እኔ ደግሞ ፊቴን አዞርኩ።

አባቴ ነፍሱን አትርፎለታል። ይህን አልክድም። ግን ይቅር የሚባለው ያጠፋ ሰው ነው፤ ስለዚህ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የናስር ሌብነት የተረጋገጠ ሆነ። አባቴ በሞተ ጊዜ ለቀስተኛው ሁሉ ያነሳው የነበረው ይህንኑ ነው። በረመዳን ስለ ምሕረት ሲወራ «የጋሽ ይመርና የዚያ ሌባ» ታሪክ ይነሳል። እኔም በዚያ መካከል ተቀምጬ ቴምር አቀርብ ነበር። አባቴ ብቻችንን ስንሆን አንድ ቀን «ምን ማድረግ ነበረብኝ?» አለኝ። «አንቺን ባወጣሽ ጀማል እዚያው ይገድልሽ ነበር።» ከዚያ ስለዚህ ነገር አልተነጋገርንም። አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ባሌን ቀበርኩ። ናስር በርበሬ በረንዳ ውስጥ በግራ እጁ በርበሬ እያበጠረ እንደሚኖር እሰማ ነበር፤ ከቤቴ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነበር። ለዓመታት በርበሬ የምገዛው አማኑኤል ድረስ ሄጄ ነበር። ሰው ሲጠይቀኝ «የበረንዳው ያስለኛል» እል ነበር።

ወደ ስዊድን የወሰደችኝ ልጄ ዐምና ሐጅ ልታስደርገኝ ተነሣች። የመስጊዳችን ኢማም፣ ሶማሌያዊ ሽማግሌ ናቸው፣ እንደሚገባው ጠየቁኝ፤ «እህቴ፣ የሰው ሐቅ አንገትሽ ላይ አለ?» ማንም የሚመልሰውን «አላህ ያውቃል» የሚለውን ልመልስ አፌን ከፈትኩና «አለ፤ አዲስ አበባ ነው ያለው» አልኳቸው። ትኬቱን ወደ አዲስ አበባ አዞርነው።

የናስር ሱቅ ሦስት ጆንያ ብቻ የምትይዝ ናት። በሩ ላይ ስደርስ ቀና ሳይል «በርበሬ ነው ሚጥሚጣ?» አለኝ።

«ሐሊማ ነኝ። የይመር ልጅ።»

ወንፊቱን አስቀመጠ። ከቅንድቡ እስከ ጆሮው ያለው መስመር ነጭ ሆኗል። ቀኝ እጁ በጋቢው ውስጥ ነበር።

«አፉ በለኝ ልልህ ነው የመጣሁት» አልኩት።

«ሐጅ ልትሄጂ ነው አይደል?»

«በምን አወቅህ?»

«ሰው እኔን የሚያስታውሰኝ ወይ በርበሬ ሲያልቅበት ነው ወይ ሐጅ ሲደርስበት ነው» ብሎ ሳቀ፤ የጎደለው ጥርሱ ታየ። ከዚያ ሳቁን ተወው። «አባትሽ ይቅር ብሎኝ ነበር፤ ትዝ ይልሻል?»

«ትዝ ይለኛል።»

«መዶሻው ሦስት ጣት ነው የወሰደብኝ። ስሜን የወሰደው የአባትሽ ይቅርታ ነው። ሚስት ልጠይቅ ሽማግሌ ስልክ ‹ያ ጋሽ ይመር ይቅር ያሉት ልጅ አይደል?› ይሏቸዋል። ሁለት ቤት እንዲህ ሆነብኝ። ሦስተኛዋ ሳትሰማ አገባችኝ፤ ልጆቼ ትምህርት ቤት ሰምተው መጡ። እና አሁን እኔ ደግሞ አንቺን ይቅር ልበልሽና ሁለታችንም እንረፍ?»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ? እኔማ አውቀዋለሁ። የተጮኸብኝ ተራው ላይ ነው፤ እዚያው ተናገሪ። ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ።»

«ተራው ፈርሷል እኮ። ፎቅ ሆኗል።»

«ፎቁ ላይ ውጪያ!» አለኝና ወንፊቱን በግራ እጁ አነሳ።

ከዚያ ወዲህ አልተገናኘንም። አፉታውን እስከ ዛሬ አላገኘሁም፤ ዘንድሮም ሐጅ አልሄድኩም። ሰዎች ሲጠይቁኝ ጉልበቴን ያመኛል እላለሁ፣ ይህም ሌላ ውሸት ነው፣ እየተውኩት ነው።

ፎቁን ግን ያኔውኑ ወጣሁት። የተራው ሰዎች ሁለተኛው ወለል ላይ ሱቅ ተሰጥቷቸዋል፤ ዛሬ በማሽን የታጠፈ፣ በካርቶን የታሸገ ክርን ነው የሚሸጡት፣ ግን ከኋላ በኩል ልክ ላልሆነለት ሰው አሁንም በእጅ የሚቀጠቅጡ አሉ። ዚንጎው ያበራል። ጀማል፣ ዛሬ ሐጂ ጀማል፣ ከዘራውን በጉልበቶቹ መካከል አቁሞ በሱቁ በር ላይ ተቀምጧል፤ ጺሙ በሂና ቀልቷል። ሳመኝ፣ ሻይ አስመጣልኝ፣ ስለ በረዶው ጠየቀኝ። ሻይዋ ሠላሳ ብር ሆናለች። ሳልጠጣት ተናገርኩ።

«ጋሼ፣ ናስር አልሰረቀም። የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

«ጠጪ፣ ይቀዘቅዛል።»

«ሱሪው ተበላሽቶብኝ…»

«ግራ ነበር» አለ።

«ምን አልክ?»

«ግራ ነበር አልኩ። ከጆንያው ሳወጣው አይቼዋለሁ። እኔ ላሜራ ያሳደገኝ ነኝ፤ ግራ የወጣ ሱሪ ማን ይሰርቃል? ለማን ይሸጣል? ተራው ሁሉ ባለሙያ ነው፣ ሁሉም አይቶታል።»

«ታዲያ ለምን?» አልኩት።

«ከአንቺ እጅ ወደ እሱ እጅ ምን ወሰደው? ከአፉ ልሰማው የፈለግኩት ይህን ነበር። ‹ስሟን ጥራና እተውሃለሁ› አልኩት። ሦስት ጊዜ ጠየቅኩት። እምቢ አለ።» ከዘራውን መሬት ላይ አዞረው። «ቢጠራሽ ኖሮ ቀጥሎ ሐዲዱ ላይ የምትቀመጭው አንቺ ነበርሽ። ስለዚህ የእሱን ሐቅ አላህ ይፍረድ፤ የቤታችንን ክብር ግን ጠብቄያለሁ። አሁን ጠጪና ተነሺ።»

ያን ዝምታ ያን ሁሉ ዘመን ትዕቢት ነው ብዬ ነበር የያዝኩት። ማን እንደሰጠው ቢናገር ይተርፍ ነበር፣ ራሱ ነው በራሱ ላይ ያመጣው፣ እያልኩ ስንት ሰላት ሰግጃለሁ። እሱ ግን በየምቱ መካከል ስሜን እንዲጠራ እየተጠየቀ፣ ሦስት ጊዜ እንዲመርጥ ተሰጥቶት፣ ሦስት ጊዜ እጁን ሰጠ። እኔ ደግሞ በዚያው ሰዓት፣ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ፣ ቃል እመርጥ ነበር።

ብርጭቆውን አስቀምጬ ተነሣሁና መተላለፊያው መካከል ቆምኩ። በላሜራ ተራ ያደገ ጉሮሮ ነው ያለኝ፤ አላነሰኝም።

«ስሙኝ! እኔ የይመር ልጅ ሐሊማ ነኝ። በርበሬ በረንዳ ያለው ናስር ሌባ አይደለም። ላሜራውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ውሰድ ብዬ የሰጠሁት እኔ ነኝ!»

«ዝም በይ» አለ ጀማል። «ሐሊማ፣ በዚህ ዕድሜሽ?»

«የአባቴ ዓይን ጠፍቶ ነበር፣ የምስለው እኔ ነበርኩ፣ ካርቶኑን ሳልገለብጥ…»

ከዘራው ትከሻዬ ላይ አረፈ። ሰማንያ ሊሞላው የተቃረበ ሰው ምት ቀላል አይደለም፤ ግራ ክንዴ እስከ ጣቶቼ ደነዘዘ። አንዲት ሴት ጮኸች። «ኧረ ሐጂ! ኧረ እህትዎ ናቸው!» የሚል ወጣት ሮጦ መጣ። ከኋላ የነበሩት መዶሻዎች አንድ በአንድ ቆሙ። ያ ተራ በቀትር ጸጥ ሲል ከዚያ በፊት በጁምዓ ብቻ ነው የማውቀው። ያቋረጥኩበትን ልቀጥል ብል ጠፋኝ፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። «እኔ የይመር ልጅ ሐሊማ ነኝ።» ሁለተኛው ምት ጆሮዬን አገኘው፣ ሻሼ ወደቀ፤ ነጠላዬን ራሴ ላይ ጥዬ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። በዚህኛው እስከ መጨረሻው ተናገርኩት፤ ካርቶኑን፣ ስንጥቋን፣ «ውሰድ» ያልኩበትን ቃል፣ ሦስቱን ምት ቆሜ መስማቴን፣ ለአባቴ የነገርኩትንና አባቴ ወጥቶ ያለውን።

ከጥጉ ሱቅ አንድ ሽማግሌ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ወጣ። ማን እንደሆነ አላወቅኩትም፤ እሱ ግን የዚያን ዘመን ሰው እንደሆነ ከአቋሙ ያስታውቃል። እኔን አየ፣ ከዚያ ከዘራውን እንዳነሳ የቆመውን ጀማልን አየ።

«እና ጋሽ ይመር» አለ፣ በተራችን ድምፅ፣ ሁሉም እንዲሰማው ጮኾ፣ «ያን ቀን ይቅር ያሉት ምኑን ነው?»

ጀማል ከዘራውን አወረደ።